ሦስት መድኃኒት ጠጥተው የሚሞቱ ዶሮዎች፤ አራተኛው የትኛው ይሁን?

በአንድ የዶሮ አርቢዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም የውይይት ሰንሰለቱን፣ የከፈተው ሰው ጥያቄውን በአጭሩ ነው ያቀረበው። አራተኛ ሳምንታቸውን የያዙ የሥጋ ዶሮዎች አሉት። ኩሳቸው ቡናማና አረፋ የቀላቀለ ሆኗል፤ ያልተፈጨ መኖ ይታይበታል። ጉዝጓዙ ረጥቦ ይጣበቃል። ላባቸውን ነፍተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ጥግ ላይ የሚቆሙት በማግሥቱ ሞተው ይገኛሉ። መጀመሪያ ኢንሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ በውሃ ሰጣቸው፤ ሞቱ ጋብ ያለ መስሎ ተመለሰ። ኦክሲቴትራሳይክሊን አስከተለ፤ ለውጥ የለም። ኮሊስቲን ጨመረ፤ ጭራሽ ባሰ። ከዚህ ተነስቶ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሁሉ ተላምዶታል ብሎ ደምድሟል። የሚፈልገውም ከእነዚህ የሚጠነክር የአንድ መድኃኒት ስም ብቻ ነው። በጥያቄው ሥር ከሠላሳ በላይ ምላሾች ተከተሉ። ሁሉም እኩል ክብደት ስለሌላቸው አንዳንዶቹን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋቸዋለሁ።

1ኛው ምላሽ ጊዜ አላጠፋም፤ ለሰው ሕሙማን በመርፌ የሚሰጠውን ሴፍትሪያክሶን በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነው አለ። 2ኛው ተስማማና ቢቻል መጠኑን እጥፍ ማድረግ እንደሚሻል ጨመረ። ሁለቱም በሽታው ምን እንደሆነ አልጠየቁም። እንዲህ ያለ ምክር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ሳይጠይቅ ስለሚሮጥ ይመስለኛል።

3ኛው ላይ አንድ የእንስሳት ሐኪም ገቡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጠያቂውን በአንቱታ አነጋገሩት፣ ስለ ኪሳራው አዘኑለት፣ ከዚያ ጥያቄ አዘነቡበት። መኖው በቅርቡ ተቀይሮ እንደሆነ፣ ስንዴና ገብስ ምን ያህሉን እንደሚይዝ፣ የዓሣ ዱቄት እንዳለበት፣ የኮክሲዲያ (አንጀት የሚያጠቃ ጥገኛ ተሕዋስ) መከላከያ ተቀላቅሎበት ወይም ጫጩቶቹ ለኮክሲዲያ ተከትበው እንደሆነ ጠየቁ። ሴፍትሪያክሶንን በተመለከተ አጭር ነበሩ፤ በአፍ ሲሰጥ ወደ ደም የሚገባው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን የመድኃኒት ቤተሰብ ለሰው ሕክምና ከሁሉ ቅድሚያ በሚሰጣቸው ተርታ አስቀምጦታል አሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አሁን የሞተ ዶሮ ተከፍቶ አንጀቱ እንዲታይ አሳሰቡ።

4ኛው፣ አድሮ የተገኘው ዶሮ ቢከፈት ምን ችግር እንዳለው በቅንነት ጠየቀ። ሐኪሙ በ5ኛው የሰጡት መልስ ለብዙዎች አዲስ ይመስለኛል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ በጤነኛ ዶሮ አንጀት ውስጥም በጥቂቱ ይኖራል፤ ዶሮው ሲሞት ደግሞ ማንም ሳይከለክለው ይራባል። አድሮ የተከፈተ በድን አንጀቱ በጋዝ ተነፍቶ፣ ሽፋኑ ተላጥቶ ሊታይ ይችላል፤ ይህ በሽታ ይሁን መበስበስ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ለሞት የተቃረበውን ያለ ሥቃይ አስወግዶ ወዲያው መክፈት ይሻላል። ባክቴሪያው በላቦራቶሪ መገኘቱ ብቻውም ማስረጃ አይሆንም፤ የአንጀቱ ቁስል አብሮ መታየት አለበት።

6ኛው ትዕግሥቱ አለቀ። ሰውየው ዶሮዎቹ እየረገፉበት ስለ ስንዴ መጠየቅ ሰው በሚሰምጥበት ሰዓት ስለ ዋና ማስተማር ነው ብሎ ተሳለቀ፤ ሐኪሞች ለምርመራ እንጂ ለውጤት አይቸኩሉም የሚል ወቀሳም አከለ። ለዚህ ምላሽ ብዙ ድጋፍ ተሰጠው። ሐኪሙ አልመለሱለትም።

የመለሰችው በ7ኛው የመጣች፣ በእንቁላል ጣይ ዶሮዎች እርባታ ተቀጥራ የሠራች ጸሐፊ ናት። በሠራችበት ቦታ ደም የቀላቀለ ኩስ ታይቶ ሳምንት ሙሉ አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ከረመ። በመጨረሻ ዕውር አንጀቶቹ ሲከፈቱ በረጋ ደም ተሞልተው ተገኙ፤ በሽታው ኮክሲዲዮሲስ ነበር። ይህን በሽታ የሚያመጡት ኢሜሪያ የተባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስያን እንጂ ባክቴሪያዎች አይደሉም። ከዚያ አምፕሮሊየም ታዘዘ፤ ሠራተኞቹ ግን ዶሮዎቹ እንዲበረቱ ብለው ቫይታሚን ቢ1 በዚያው ውሃ ጨመሩበት። አምፕሮሊየም የሚሠራው ተሕዋሱ ይህንኑ ቫይታሚን እንዳያገኝ በመሻማት ስለሆነ አንዱ የሌላውን ሥራ አፈረሰ። 8ኛው በትሕትና አረማት፤ የሰልፋ መድኃኒቶች ባክቴሪያንም ኮክሲዲያንም ስለሚያጠቁ አንቲባዮቲክ ሁሉ ለኮክሲዲዮሲስ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። በ9ኛው እርማቱን ተቀበለች፤ እዚያ የተሰጠው ግን ሰልፋ እንዳልነበረ ገለጸች። እንዲህ ያለ ሰላማዊ ልውውጥ በዚህ ክር ውስጥ ዳግመኛ አልታየም።

10ኛው ላይ ጠያቂው ራሱ ፎቶ ይዞ ተመለሰ። ፎቶው ጥሩ ነው። ቀጭኑ አንጀት ከወትሮው ወፍሮ በጋዝ ተነፍቷል፤ ግድግዳው ስለሳሳ በውስጡ ያለው ቡናማ ፈሳሽ በውጭ በኩል ይታያል። በርዝመቱ በተሰነጠቀው ክፍል የውስጥ ሽፋኑ ልስላሴው ጠፍቶ ቢጫና አረንጓዴ የቀላቀለ ቅርፊት ለብሷል፤ እንደ አሮጌ ፎጣ ሻክሯል። በቢላዋ ጫፍ የተፋቀው ቦታ ላይ ቅርፊቱ ተነስቶ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ወጥቷል። መኖውም ሐኪሙ እንደጠረጠሩት ነው፤ በቅርቡ ስንዴ ወደበዛበት ተቀይሯል፣ የዓሣ ዱቄት አለበት፣ የኮክሲዲያ መከላከያ ግን የለበትም።

11ኛው የሐኪሙ ነው፤ ረጅም ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ ልንገር። ያዩት የሚመስለው ኔክሮቲክ ኢንተራይቲስ፣ ማለትም የአንጀት ሽፋን እየሞተ የሚላጥበት በሽታ ነው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ለብቻው ይህን ጉዳት የሚያደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በር ከፋች ይፈልጋል። በር ከፋቹ በአብዛኛው ኮክሲዲያ ነው፤ ኢሜሪያ የአንጀቱን ሕዋሳት ሲያፈርስ ከደም የሚወጣው ፕሮቲን ለባክቴሪያው ቀለብ ይሆናል። ስንዴ፣ ገብስና አጃ የሚመስሉ እህሎች የማይፈጭ፣ ውሃ የሚቋጥር ነገር ስላላቸው የአንጀቱን ይዘት ያወፍራሉ፤ ምግቡ ቀስ እያለ ሲያልፍ ባክቴሪያው ለመራባት ጊዜ ያገኛል። የበዛ የዓሣ ዱቄትም እንዲሁ ያግዘዋል። ቁስሉን በማምጣት ረገድ ዋነኛ ድርሻ ያለው መርዝ ኔትቢ የሚባለው ሲሆን በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተገለጸው በ2008 ነው። በሽታው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ፣ በ1961 በእንግሊዝ ተመዝግቧል።

ክሩ ውስጥ አንድ ምላሽ ብቻ አንብቡ ብባል የምመርጠው 12ኛውን ነው። የጻፈው በላቦራቶሪ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሦስቱን መድኃኒቶች አንድ በአንድ አንስቶ ክሎስትሪዲየም ላይ ይሠሩ እንደሆነ መዘናቸው። ኮሊስቲን የሚያጠቃው ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ያላቸውን የውጭ ሽፋን ነው፤ ክሎስትሪዲየም ግራም ፖዘቲቭ ስለሆነ ይህ ሽፋን የለውም፤ መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ኢንሮፍሎክሳሲን ያለ ኦክሲጅን በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ላይ አቅሙ ደካማ ነው። ቴትራሳይክሊንን ደግሞ ክሎስትሪዲየም በብዙ አገሮች ከተላመደው ቆይቷል። ስለዚህ ጠያቂው ባክቴሪያው ሦስቱንም ተላመደ ያለው ልክ አይደለም፤ ሁለቱ ከመጀመሪያውም ለዚህ ባክቴሪያ የሚሆኑ አልነበሩም።

ባለሙያው በዚህ አላቆመም። ሦስቱ መድኃኒቶች ያለ ሥራ አልዋሉም፤ የታለመላቸውን አልነኩም እንጂ በዚያው አንጀት ውስጥ ያሉትን ኢ ኮላይን የመሰሉ ባክቴሪያዎች በደንብ ነክተዋል። ከእነዚህ መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ተርፈው ተራብተዋል። የመቋቋሚያው ዘረ-መል ፕላዝሚድ በሚባል ተንቀሳቃሽ ቀለበት ላይ ከሆነ ደግሞ ከኢ ኮላይ ወደ ሳልሞኔላ ሊሻገር ይችላል። በሌላ አነጋገር ሰውየው ስለ መላመድ ያጉረመረመው በአብዛኛው መላመድ በሌለበት ቦታ ነበር፤ እውነተኛውን መላመድ ግን በገዛ እጁ እያራባ ነበር። ይህ ምላሽ አንድም ድጋፍ አልተሰጠውም። ስለ ዋና የተሳለቀው ግን አሁንም ይመራል።

ከ13ኛው ጀምሮ ክሩ ጦፈ። ጸሐፊው የ12ኛውን ግማሽ ብቻ ይዞ ተነሳ፤ መድኃኒት የሚከሽፈው በተሳሳተ ምርጫ ከሆነ መላመድ የሚባለው ነገር አነስተኛ አርቢዎችን ከመድኃኒት ለማራቅ የተነዛ ማስፈራሪያ ነው አለ። 14ኛው በታሪክ መለሰለት። በ1976 በአሜሪካ የታተመው የስቱዋርት ሌቪ ጥናት ቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት መኖ የበሉ ዶሮዎች በሳምንት ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያዎቻቸው ከሞላ ጎደል መድኃኒቱን የሚቋቋሙ መሆናቸውን፣ በወራት ውስጥም በዚያው እርባታ በሚኖሩት ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ለውጥ መታየቱን አሳይቷል። በኢንሮፍሎክሳሲን ምክንያት ካምፒሎባክተር የተባለው ባክቴሪያ መላመዱ ሲታይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1996 ለዶሮ የፈቀደውን መድኃኒት በ2005 ከለከለ። በኅዳር 2015 ደግሞ ኮሊስቲንን የሚያከሽፍና በፕላዝሚድ የሚጓዝ ኤምሲአር-1 የሚባል ዘረ-መል በቻይና መገኘቱ ተገለጸ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ያሳሰበ ሰው 15ኛው ነው፤ ሌላ የጻፈው የለም።

16ኛው የ13ኛውን ጎራ ይዞ የመጣ ቢሆንም ጥያቄው ቁም ነገር ነበረው፣ አልደብቅም። ካምፒሎባክተር ዶሮዋን እምብዛም የማያሳምም ከሆነ፣ የሚታመመው ሥጋውን በደንብ ሳያበስል የበላ ሰው ከሆነ፣ አርቢው ለምን ይጠየቃል? ብዙዎች በቁጣ መለሱለት፤ 17ኛው ብቻ በነገር መለሰለት። በካናዳ ኩቤክ ጫጩት ማስፈልፈያዎች ጫጩቱን ከኢ ኮላይ ለመከላከል ሲሉ ሴፍቲኦፈር የተባለ መድኃኒት እንቁላሉ ውስጥ ሳለ ይወጉት ነበር። በ2005 በፈቃዳቸው ሲያቆሙ ሳልሞኔላ ሃይደልበርግ በሚባለው ባክቴሪያ ላይ የሚታየው መላመድ በዶሮ ሥጋም በታመሙ ሰዎችም ላይ ቀነሰ። በ2007 በከፊል ሲመለሱበት እሱም ተመለሰ። ማስፈልፈያው ውስጥ የተወሰነው ውሳኔ ሆስፒታል ድረስ እንደሚደርስ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም። 16ኛው ግን ካናዳ ሩቅ ናት ብሎ ተሰናበተ።

ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክርክሩ ወደ አውሮፓ ነጎደ። ስዊድን በ1986 ለእድገት ማፋጠኛ የሚሰጥ አንቲባዮቲክን ከልክላለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከጥር 2006 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አግዷል። እንግዲያውስ ያ አንቲባዮቲክ ሲቀር ዶሮዎቻቸው እንዴት በኔክሮቲክ ኢንተራይቲስ አላለቁም? የመልሱ ትልቁ ክፍል ኮክሲዲያን ለመከላከል መኖ ላይ የሚጨመሩት ሞኔንሲንና ሳሊኖማይሲንን የመሰሉ አዮኖፎሮች ናቸው፤ እነዚህ ክሎስትሪዲየምንም ይይዙታል። በአውሮፓ ሕግ እንደ መኖ ተጨማሪ፣ በአሜሪካ ግን እንደ አንቲባዮቲክ ይቆጠራሉ። ስለዚህ በአሜሪካ ያለ አንቲባዮቲክ አደገ የተባለ ዶሮ እነሱንም ሳያይ ያደገ ነው። ሁለት ሰዎች የትኛው አገር እውነተኛ ነው በሚል ሲነታረኩ መድኃኒቱ አንድ መሆኑን ዘነጉት።

አዮኖፎር መነሳቱ ግን አንድ አደጋ አጋለጠ። 21ኛው ታያሙሊን የሚባል መድኃኒት ሞክር ብሎ መከረ። 22ኛው በቁጣ ዘለለበት፤ አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ። ታያሙሊን ጉበት አዮኖፎሮችን እንዳያስወግድ ስለሚያግድ ሞኔንሲን፣ ሳሊኖማይሲን ወይም ናራሲን ያለበት መኖ ከሚበሉ ዶሮዎች ጋር ሲገናኝ ይገድላል። የጠያቂው መኖ እነዚህ የሉበትም፤ ሆኖም ክሩን የሚያነበው እሱ ብቻ አይደለም። ቁጣው ከልክ አልፏል፣ ማስጠንቀቂያው ግን አላለፈም። አወያዩ ሁለቱንም ገሥጾ የ22ኛውን አንድ መሥመር አጠፋ፤ ምን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

23ኛው ነጭ ሽንኩርትና ኮምጣጤ መድኃኒት መሆናቸውን ያለ ማስረጃ፣ ግን በታላቅ እርግጠኝነት ጻፈ። 24ኛው ሳይንቀው መለሰለት፤ ኦርጋኒክ አሲዶች በመጠጥ ውሃና በመኖ ላይ ጥቅም እንዳላቸው፣ የተነሳ በሽታን ግን እንደማያቆሙ አስረዳ። ከዚያ የፊንላንዳውያኑን የኑርሚንና የራንታላን የ1973 ሥራ አነሳ። በማስፈልፈያ የተወለደ ጫጩት እናቱን አያገኝም፣ አንጀቱም ባዶ ቤት ነው፤ ሳልሞኔላ ቀድሞ ከገባ ተደላድሎ ይቀመጣል። የጤነኛ አዋቂ ዶሮ የአንጀት ይዘት ተዘጋጅቶ ሲሰጠው ግን ቦታው በመልካሞቹ ባክቴሪያዎች ይያዛል። 25ኛው ይህን አንብቦ እንቁላል መብላት እንዳስጠላው ጻፈ።

26ኛው ከርዕሱ ወጣ ቢልም ጠቃሚ ነበር። ጫጩቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት መቀመጫቸው በነጭ ኩስ እየተለጠፈ የሚሞቱበት ሰው ነው፤ ማስፈልፈያውን ትቶ የራሱን ቤት ሲያጥብ ኖሯል። ሐኪሙ ሳልሞኔላ ፑሎረም በእንቁላል በኩል ከእናት ወደ ጫጩት እንደሚተላለፍ፣ መድኃኒት ሞትን ቢቀንስም የተረፉት ተሸካሚ ሆነው እንደሚቀሩ ነገሩት። አሜሪካ በ1935 በጀመረችው የዶሮ እርባታ ማሻሻያ ፕሮግራም ይህን በሽታ ከትላልቅ እርባታዎች ያጠፋችው ወላጅ ዶሮዎችን በደም ምርመራ እየለየች በማስወገድ እንጂ በመድኃኒት አይደለም። 27ኛው የማስፈልፈያዎችን ስም ዝርዝር ጠየቀ፤ አወያዩ ከለከለ።

28ኛው ማንም ያላነሳውን ውሃ አነሳ። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ቴትራሳይክሊንንና ኢንሮፍሎክሳሲንን ይዞ ያስቀራቸዋል፤ ዶሮዋ ጠጣች እንጂ መድኃኒቱ ወደ ደሟ አልገባም። በመጠጫው ቧንቧ ውስጥ የሚጋገረው ልጋግ ደግሞ ለባክቴሪያ መጠለያ ነው። ቧንቧውን ፈትቶ በጣት ውስጡን መዳሰስ በቂ ነው፤ ጣት ካዳለጠው ልጋጉ አለ።

ጠያቂው በ29ኛው ተመለሰ። በአካል መጥቶ ዶሮዎቹን ያየ ሌላ ሐኪም አሞክሲሲሊን በትክክለኛ መጠኑ አዝዞለታል፤ ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበላሽ በየጊዜው አዲስ እየተበጠበጠ ይሰጥ ነበር። ለኮክሲዲያውም መድኃኒት ታዘዘ፤ የረጠበው ጉዝጓዝ ተነሳ፣ መኖውም ተቀየረ። ሞቱ ቀንሷል። ከላቦራቶሪ የመጣው ወረቀት ግን ሌላ ነገር ይዟል። ከነዚያው ዶሮዎች የተወሰደው ኢ ኮላይ በምርመራው ሳህን ላይ ኢንሮፍሎክሳሲንና ቴትራሳይክሊን በተነከሩባቸው የወረቀት ክቦች ዙሪያ እስከ ጠርዛቸው ድረስ በቅሏል፤ ማለትም ሁለቱም አላገዱትም። 1ኛውን ምላሽ የጻፈው ሰው በ30ኛው ብቅ ብሎ፣ በመጨረሻ ያዳናቸው ያው አንቲባዮቲክ አይደለም ወይ ብሎ ድሉን አወጀ። የላቦራቶሪው ባለሙያ በ31ኛው አጭር መልስ ሰጠው። የሚቀጥለው በሽታ ኢ ኮላይ ራሱ ቢሆን ሁለቱ መድኃኒቶች ከመደርደሪያው የሉም ማለት ነው፤ የኮሊስቲኑ ነገር ደግሞ ገና አልታወቀም፣ ምክንያቱም ኮሊስቲን በወረቀት ክብ ሲመረመር ውጤቱ አያስተማምንም፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚደረገውን ምርመራ ይጠይቃል።

32ኛው የተረፉት ዶሮዎች መቼ ሊታረዱ እንደሚችሉ ጠየቀ። ሐኪሙ በ33ኛው እንደመለሱት አምስት መድኃኒት የወሰደ መንጋ የሚጠብቀው የእያንዳንዱን የመታገሻ ጊዜ (መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ የሚጠበቀውን) መድኃኒቱ ከተሰጠበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ ቆጥሮ፣ ከሁሉ ዘግይቶ የሚያልቀውን ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጊዜ የሚሠራው ግን መድኃኒቱ በተጻፈው መጠን ከተሰጠ ብቻ ነው። ጠያቂው በ34ኛው የ2ኛውን ምክር ሰምቶ ኮሊስቲኑን እጥፍ ሰጥቶ እንደነበር ጻፈ። ሐኪሙ የሰጠበትን ቀንና መጠን ከማሸጊያው ፎቶ ጋር እንዲልክ፣ እስኪነጋገሩ ድረስም አንድም ዶሮ እንዳያርድ ነገሩት። 2ኛውን የጻፈው ሰው ከዚያ ወዲህ አልታየም።